ገና ከገና ቀን በኋላ



ወላጆችና መምህራን፣ ከንግግሬ በፊት ይህን ዱላ እዩልኝ። ወይራ ነው። ጫፉ የጎበጠው በእሳት ተለብልቦ አይደለም፤ ቅርንጫፉ ዛፉ ላይ ሳለ ቆልመም ብሎ ያደገ ነው። መያዣው ላይ ያለው ጥቁረት የእጄ ወዝ ነው። አባቴ ቆርጦ፣ ልጦ፣ ከምድጃው ጭስ በላይ ሰቅሎ አድርቆ በዐሥር ዓመቴ ሰጠኝና ሦስት ገና ተጫወትኩበት። ሦስት ገና ማለት ሦስት ቀን ማለት ነው። በዋዜማው ሳምንታት እረኛ ከእረኛ ጋር በየመስኩ መሞካከራችን አልቀረም። ጎጥ ከጎጥ ተለይቶ፣ ሽማግሌ ዳኛ ቆሞ፣ እናቶች ከዳር ሆነው እያዩን የተጫወትነው ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 29 ብቻ ነበር። በአራተኛው ዓመት ዱላው አጠረኝ። ጨዋታው በቅጡ ሲገባኝ ልጅነቴ አለቀ።

ልናገር የመጣሁት ይህንኑ ነው። የገና ጨዋታ በዓል አለው፤ ለልጆች የሚሆን የውድድር ወቅት ግን የለውም። በየዓመቱ በሚካሄደው አገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ገና ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ቦታ አግኝቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እዚያ የሚደርሰው ያደገ ተጫዋች ከየት እንደሚመጣ ስንጠይቅ መልሱ ያው የአንድ ቀኑ መስክ ነው።

ይህን ሐሳብ የጫረብኝ ከሩቅ የመጣ ወሬ ነው። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ የዘጠኝ ዓመት ልጁን በየሳምንቱ ለታዳጊዎች የጎልፍ ውድድር ይዞት እንደሚሄድ ሲያጫውተኝ፣ «የባለጸጋ ጨዋታ ለእኛ ምናችን ነው?» አልኩት። በአገራችን ጎልፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት ያለውን ሜዳ ነው። ባለ 18 ጉድጓድ ሙሉ ሜዳ ከ50 እስከ 60 ሄክታር ገደማ ይፈልጋል። በጃቢ ጠህናን ወረዳ ወይም በቡሬ የአንድ አባወራ ማሳ አንድ ሄክታር ነው ብንል እንኳ፣ የሃምሳ ቤተሰብ በቆሎና በርበሬ ተነቅሎ የሚወጣው አንድ ሜዳ ነው። ይህን ማንም አይመኝም፤ እኔም አልመኝም።

ዘመዴ ያጫወተኝ ግን ስለ ሣሩ አልነበረም፤ ስለ አሠራሩ ነው። ትንንሾቹ ከትልልቆቹ እኩል ርቀት አይመቱም፤ መነሻቸው ወደ ጉድጓዱ ቀረብ ይደረግላቸዋል። ጀማሪ ከበረታው ጋር ሲጋጠም በችሎታው ልክ ምት ይታሰብለታል፤ ይህን «ሃንዲካፕ» ይሉታል። የልጁን ምት የሚመዘግበው አብሮት የሚጫወተው ልጅ ነው፤ እሱም በተራው የባልንጀራውን ይመዘግባል፤ ሲጨርሱ ወረቀቱን ተያይተው ይፈርማሉ። የውድድሩ ቀናት ከወራት በፊት ተቆርጠው በየቤቱ ይታወቃሉ። ወላጅ ዳር ይቆማል እንጂ መሐል ገብቶ አይጮህም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሄክታር የሚጠይቅ የትኛው ነው?

ለገና የቅርብ ዘመዱ ግን ጎልፍ ሳይሆን የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች «ሺንቲ» የሚሉት ጨዋታ ነው። ጫፉ የጎበጠ ዱላና ትንሽ ኳስ አለው፤ መንደር ከመንደር የሚገጥመውም በአዲስ ዓመት በዓል ነበር። ከየመንደሩ የቻለ ሁሉ ይገባ ነበርና ቁጥሩን የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1893 ኪንዩሲ በምትባል ትንሽ ከተማ ማኅበር መሠረቱ፤ ደንብ ጻፉ፤ ጨዋታውም ከበዓሉ ቀን ወጥቶ ወቅት ያዘ። ከመቶ ዓመት በላይ በክረምት ሲጫወቱ ኖረው፣ ዝናቡና በረዶው ግጥሚያ እያሰረዘ ሲያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ወቅቱን ወደ በጋ አዞሩት። በዓሉን አልሻሩም። ልጆቻቸው የሚጫወቱበትን ጊዜ ግን ከአየሩና ከኑሯቸው ጋር አስማሙ።

እኛስ? የእኛ ወቅት የሚለካው በበጀት ዓመት ሳይሆን በገጠር ልጅ ቀን መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። እስቲ ቀኑን አብረን እንቁጠረው። በክረምት መስኩ ረግረግ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ልጁ ከበቆሎው ማሳ ዝንጀሮና ጦጣ ሲከላከል ይውላል። ኅዳር የጤፍ አጨዳ ነው፤ በርበሬ ይለቀማል፤ እጅ ሁሉ ይፈለጋል። ነገር ግን በዚያው በሥራው ወር ውስጥ ገበሬው ሞፈርና ማጭድ የማይነካባቸው ቀናት አሉ። እሑድ አለ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም አለ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ጥር 7 ሥላሴ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት አለ። የውድድር መርሐ ግብር እናውጣ ብለን ስብሰባ ሳንጠራ አባቶቻችን አውጥተው አስቀምጠውልናል። ከኅዳር 12 ጀምረን፣ የገናን ቀን እንደ ወትሮው የጎጥ ለጎጥ ታላቅ ጨዋታ አድርገን ትተን፣ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ብንጨርስ አንድ ልጅ በአንድ በጋ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ይጫወታል። እኔ በልጅነቴ ያላገኘሁትን በአንድ ዓመት ያገኛል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው፤ የሚጾም ልጅ በባዶ ሆዱ በቀትር አይሮጥም። ስለዚህ ጨዋታው ልጁ ከቀመሰ በኋላ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ፣ ከብት ወደ በረት ሳይገባ ይሁን። በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ሙስሊም ልጆች አሉን፤ ጨዋታው ስሙን ከበዓሉ ቢያገኝም መስኩ የእነሱም ነውና የዓርብ ሶላትና የረመዳን ጊዜ ከመርሐ ግብሩ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ይታይ። ከብቱንስ ማን ይጠብቅ? ይህ ጥያቄ ለከተማ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ለእኛ ልጆች ግን መጫወትና አለመጫወት የሚወሰነው በእሱ ነው። ጥበቃ በየጎጡ በተራ ነው። ቀኑ ከወር በፊት ከታወቀ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራ ይለዋወጣል። በዋዜማው ከተነገረው ግን ልጁ ዱላውን እንደያዘ ከላሞቹ ጋር ይውላል።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ከዓመታት በፊት ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ልጆቹን በክፍል ደረጃቸው ከፋፍዬ አጫወትኳቸው። አምስተኛ ክፍል ከአምስተኛ ክፍል። ፍትሕ መስሎኝ ነበር። ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ፣ ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ልጅ ከአንድ ቀጭን የዐሥር ዓመት ልጅ ጋር ጥንጓ፣ ማለትም የገናዋ ኳስ ላይ ተገናኙ። ትልቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ዱላውን ብቻ ከፍ አድርጎ መታ። ትንሹ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ዱላውን አንሥቶ ለታናሽ ወንድሙ ሰጠና እያነከሰ ከመስኩ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሲጫወት አላየሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የዕድሜ ነገር በታዳጊዎች ስፖርት ሁሉ አስቸጋሪ ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ተጫዋቾች በሚያዘጋጀው የዓለም ዋንጫ፣ ዕድሜ ለማጣራት እ.ኤ.አ. በ2009 የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማንሣት ጀመረ። እኛ ኤምአርአይ የለንም፤ የልደት ወረቀትም በየቤቱ አይገኝም። ግን ዱላ አለን። ዱላው ልጁን ይለካው! የልጁ ዱላ መሬት ቆሞ ወገቡ ላይ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ሦስት ዱላ እንቁረጥ፤ አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም። ልጁ በየትኛው ዱላ ወገቡ ልክ ከመጣ በዚያ ምድብ ይጫወታል። ማንንም ዕድሜህ ስንት ነው ብለን አናሳፍርም፤ ማንም ዕድሜውን አይደብቅም። በአጭሩ ዱላ ምድብ ጥንጓ ከእንጨት ሳይሆን ከጨርቅና ከቆዳ ትሁን፤ ሜዳውም ይጠር። ዱላ ከጉልበት በላይ ያነሣ ልጅ ጥፋተኛ ይባል፤ በሁሉም ምድብ። አየርላንዶች በየመንደሩ የሚጫወቱት «ሀርሊንግ» የሚባል የዱላ ጨዋታ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የራስ ቁር ለተጫዋች ሁሉ ግዴታ አደረጉ። እኛ ቁር መግዛት አንችል ይሆናል፤ የዱላን ከፍታ መከልከል ግን ምንም አያስወጣም።

ከጎልፍ የምወስደው ሌላው ነገር ልጅ በራሱ ላይ መመስከሩን ነው። ቦቢ ጆንስ የሚባል ታላቅ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ክፍት ውድድር ኳሷ በዱላው ጥግ ጥቂት ስትንቀሳቀስ ማንም አላየም። እሱ ግን በራሱ ላይ አንድ ምት አስቆጠረ። ውድድሩ በእኩል ነጥብ አለቀና በተጨማሪ ጨዋታ ተሸነፈ። ያቺ አንድ ምት ባትቆጠር ዋንጫው የእሱ ነበረ። የእኛም መስክ ለዚህ ባዕድ አይደለም። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንደማይቆጣ አባቶቻችን ይናገራሉ፤ ያን ቀን ማዕረግ ከመስኩ ዳር ይቀራል። እኔ የምለው ማዕረጉ ዳር ሲቀር ውሸቱም ዳር ይቅር ነው። ጥንጓ እግሩን የነካችው ልጅ እጁን ያውጣ፤ የእያንዳንዱን ቡድን ግብ ተቃራኒው ቡድን ይመዝግብ፤ ሁለቱ አለቆች ወረቀቱን አብረው ለዳኛው ያስረክቡ። ሽማግሌው ዳኛ ደግሞ የሚቆመው ሊቆጣ አይደለም፤ ሊመሰክር ነው።

የሴቶቹን ጉዳይ ላልፈው አልችልም። በገጠራችን ገና የወንዶች ሆኖ ኖሯል። በአየርላንድም ሀርሊንግ እንዲሁ ነበር፤ በኋላ ሴቶቹ «ካሞጊ» ለሚሉት የዱላ ጨዋታቸው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ውኃ ቀድተው፣ ከብት አግደው፣ ከወንድሞቻቸው በላይ ሮጠው ያደጉ እናቶች ተቀምጠዋል። ሴት ልጆቻችሁ በአጭሩም በረጅሙም ዱላ ምድብ የራሳቸው ቡድን ይኑራቸው።

ስለ መስኩ ስጋት አለኝ። የወል ግጦሽ እየጠበበ ነው፤ አንዱ ጥግ ለእርሻ፣ ሌላው ለባሕር ዛፍ እየሆነ ነው። ገበሬው ያለ ምክንያት አላደረገውም፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ብር ይሆናል። ግን ባሕር ዛፍ ለገና ዱላ አይሆንም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ሲመታም ይሰነጠቃል። ወይራው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ካልሆነ ብርቅ ሆኗል፤ ከዚያ ማንም እንዲቆርጥ አልመክርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአጥሩ ዙሪያ ወይራ ቢተክል፣ ዛሬ አጭሩን ዱላ የያዘው ልጅ አባት ሲሆን ለልጁ የሚቆርጠው ያገኛል። እስከዚያው የተገኘውን የጎበጠ ቅርንጫፍ ቆጥበን እንጠቀም።

ወዳጆቼ፣ ይህን ከተማ ቀድሞ ወጀት ይሉት ነበር፤ ፍኖተ ሰላም የተባለው በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በዚህ ባለፉ ጊዜ ነው። ስሙ የሰላም መንገድ ማለት ቢሆንም፣ በቅርቡ ስላየነው መከራ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው የተዘጋባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ክፍል ያልገባ ልጅ በየመስኩ ዋለ። ስለዚህ የምጠይቀው የውድድር ወቅት አውቶቡስ አያስፈልገውም። ልጅ በእግሩ ሄዶ ሳይመሽ የሚመለስበት ርቀት ይበቃዋል። መንገድ ሲከፋ የሁለት ጎጥ ጨዋታ ይሆናል፤ መንገድ ሲበጅ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ይዘልቃል።

አሁን ጥቅምት ነው። ዛሬ የተቆረጠ ዱላ ከጭስ በላይ ከተሰቀለ ለታኅሣሥ ይደርቃል። ስትወጡ በበሩ አጠገብ መዝገብ አለ፤ የመስካችሁን ስም፣ ርዝመቱንና ወርዱን በእርምጃ፣ ዳኛ ሊሆን የሚችል አንድ ሽማግሌ ጻፉልኝ። ይህ ዱላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ይዛችኋቸው የመጣችሁት ልጆች መሬት አቁመው ወገባቸው ላይ ይለኩት።