ሞተሩ የግል፣ ሐይቁ የጋራ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በብድር ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ከቁጠባችን ብድር ከሚጠይቁ አባላት ብዙዎቹ ውኃ መሳቢያ ሞተር መግዛት ይፈልጋሉ፤ አሁን ደግሞ በተለይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራውን። ከመወሰናችን በፊት አብረን እንምከር።

ሞተር ለባቱና ለመቂ ያደረገውን አንክድም። ዝናብ ከመጠበቅ ወጥተን ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋም የምናመርተው በእሱ ነው። ችግኝ ተከላው፣ አረሙና ለቀማው ለስንቶቻችን የዕለት ገቢ ሆኗል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው የአበባ እርሻም ለብዙ ሴቶች ደመወዝ አስገኝቷል።

ነገር ግን ሁላችንም የምንቀዳው ከአንድ እንስራ ነው። ደምበል ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ ሦስት ሜትር አይሞላም። የመቂና የከታር ወንዞች ይገቡበታል፤ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። አቢጃታ ምን ያህል እንደሸሸ የምናውቀው ነው። የሶዳ አሽ ፋብሪካው ከራሱ ከሐይቁ ስቧል፤ ከላይ በመስኖ የምንወስደውም ሳይደርሰው ቀርቷል። የሐረማያ ሐይቅም ለሐረር ከተማ መጠጥ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ሲሳብ ኖሮ በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር። ውኃው የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የናፍጣ ሞተር ልጓም ነበረው፤ ነዳጅ ሲወደድ እናጠፋዋለን። የፀሐዩ ጭስ የለውም፣ ነዳጅም አይጠይቅም፤ የወደድነውም ለዚህ ነው። ግን አጥፉኝ የሚል ወጪ ስለሌለው ፀሐይ እስካለ ድረስ ይስባል። በህንድ ፑንጃብ ለገበሬው መብራት በነፃ ሲሰጥ የከርሰ ምድሩ ውኃ እየራቀ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

በቦይ የለቀቅነው ውኃ ደግሞ ማዳበሪያውን አጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። እምቦጭ የሚፋፋው በዚያ ነው። እምቦጭ የዓሣ አስጋሪውን መረብና ጀልባ ይይዛል፤ ውኃ ሲርቅ ደግሞ ጀሪካን የምትሸከመው ማን እንደሆነች አንጠያየቅም።

ስለዚህ ብድሩ ይሰጥ፤ ግን በሦስት ነገር እንስማማ እንላለን።

አንደኛ፣ ሞተር የምትወስድ አባል የጠብታ መስኖ ቱቦውንም በዚያው ብድር ትግዛ። ጠብታው ውኃውን ሥሩ ላይ ያደርሳል፤ ማዳበሪያውም ታጥቦ አይሄድም።

ሁለተኛ፣ ማሳቸው የተጠጋጋ አባላት አንድ ሞተር በጋራ ገዝተው በተራ ይጠቀሙ። ዕዳው ይቀልላል፤ ተራ ያላት ጎረቤት ስላለችም ሞተሩ ያለ ልክ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ እስከ ውኃው አፍ ድረስ አንረስ። ዳር ያለው ደንገልና ቄጠማ ደለሉን ያስቀራል፤ ቆሮሶም የሚራባው በዚያ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው።

ትልልቆቹ እርሻዎች ከእኛ በላይ ይስባሉ የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። ለእነሱም ልክ ይበጅላቸው ብለን ወረዳ ፊት ስንቆም ግን፣ መጀመሪያ የምንጠየቀው የራሳችንን ነው።

አሁን አስተያየታችሁን ስጡን፤ ከዚያ በድምፅ እንወስናለን።