በወበቅ ውስጥ የሚሮጥ ሩጫ

ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ሐዋርያው ጳውሎስ የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ እንደ መሰለው ሁላችንም እናውቃለን። በየጉባኤያችንም ስለ ሩጫ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ብርታትና ስለ አክሊል ነው። ዛሬ ግን በባዕድ አገር፣ ሙቀትና እርጥበት በተባበሩበት ሌሊት ስለ ተሮጠ አንድ ማራቶን እንነጋገር። በቆላ ለሚያገለግሉ ወገኖቻችንና እነርሱን ለላኩ ጉባኤዎች ከዚያ ሩጫ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም።

መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በአገራችን ደመራ በተለኮሰበት ዕለት፣ በካታር ዋና ከተማ በዶሃ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ተደረገ። የቀኑ ሐሩር የማይቻል ስለ ሆነ ሩጫው የተጀመረው ለሌሊቱ 6 ሰዓት 1 ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ፀሐይ ብትጠልቅም ወበቁ አብሯት አልጠለቀም። ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል፣ የአየሩ እርጥበትም ከመቶ 73 ያህል ነበር። ከተነሡት 68 ሴቶች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው፤ 28ቱ በመንገድ ቀሩ። አንዳንዶቹም በቃሬዛና በተሽከርካሪ ወንበር ተወሰዱ።

አገራችንን ወክለው የተሰለፉት ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አልጨረሱም። እነዚህ ደካሞች ነበሩን? አይደሉም። ሩቲ አጋ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ የጨረሰች ናት። በዶሃ ያሸነፈችው ኬንያዊት እንኳ 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ፈጅቶባታል። እንግዲህ የጎደለው ጉልበት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲሮጥ ሰውነቱ ከሚያቃጥለው ኀይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፈጣሪያችን ይህን ሙቀት የምናስወጣበትን ላብ ሰጥቶናል። ነገር ግን የሚያቀዘቅዘን የወጣው ላብ ሳይሆን የተነነው ላብ ነው። 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ አስቀድሞ በእርጥበት ከተሞላ ግን ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ሯጩም ውሃውን ያጣል እንጂ ቅዝቃዜ አያገኝም። በሱሉልታና በእንጦጦ ደጋ የሚለማመድ ሯጭ ለሳንባውና ለደሙ ብርታት ያተርፋል፤ ወበቅን ግን ደጋው አያስተምረውም።

ወበቅን የሚያስተምረው ወበቅ ራሱ ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገዋል። በእነዚህ ቀናት የደሙ ውሃ ይበዛል፣ ላቡ ፈጥኖ መውጣት ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ ልቡም በዝግታ ይመታል። ይህ በአንድ ቀን ጀግንነት አይገኝም። ከሙቀቱ ከወጡ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

በዚያው ከተማ፣ መስከረም 24 ቀን፣ ወንዶቹ በተራቸው ሮጡ። አየሩ ከሴቶቹ ሌሊት ቀለል ቢልም ሙቀቱ ቀላል አልነበረም። አንድ ሯጭ ገና ከመነሻው ብቻውን ቀድሞ ወጣ፤ በኋላ ግን ተደርሶበት ውድድሩን አቋረጠ። ሌሊሳ ዴሲሳ ከቡድኑ ጋር ሆኖ ኀይሉን ጠብቆ ቆየና በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አሸነፈ። ሞስነት ገረመው በ4 ሰከንድ ተከተለው። ገዛኸኝ አበራ እ.ኤ.አ. በ2001 በኤድመንተን ካሸነፈ ወዲህ ይህን ድል በወንዶች ስናገኝ ከ18 ዓመት በኋላ ነበር።

በዚያው ሩጫ 4ኛ የሆነው ስኮትላንዳዊው ካለም ሆኪንስ ነው። የእርሱ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለላኪዎች ይናገራል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2018፣ በአውስትራሊያ ጎልድ ኮስት በተደረገው የኮመንዌልዝ ጨዋታ ማራቶን ሌሎቹን በ2 ደቂቃ ያህል እየመራ ነበር። ሊጨርስ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በሙቀቱ ተንገዳግዶ ወደቀ። ተነሥቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዳግመኛ ወደቀ። እርዳታ እስኪደርስለት ድረስ በመንገዱ ዳር ከቆሙት አንዳንዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶግራፍ ያነሡት ነበር። የወደቀውን ሰው ብዙ ዓይን አየው፤ የያዘው እጅ ግን ዘገየ። ያ ሰው ተርፎና ተዘጋጅቶ በሚቀጥለው ዓመት በዶሃ ወበቅ ውስጥ ከዓለም 4ኛ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን የፈረደበት ሰው ቢኖር ኖሮ ፍርዱ ምንኛ የቸኮለ ነበር!

ወገኖቼ፣ ከዚህ ሁሉ ለአገልግሎታችን ሦስት ነገሮችን እንውሰድ።

አንደኛ፣ አዲስ አገልጋይን አናስቸኩል። ከደጋ ወጥቶ ወደ ጋምቤላ ወበቅ ወይም ወደ አፋር ሐሩር የሚወርድ ወንድም ወይም እኅት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራው ቀለል እንዲልለት ያስፈልጋል። ከባዱ ሥራ በማለዳና ወደ ማታ ይሁን። ለሰውነት የምንለው ይህ ለነፍስም እውነት ነው። የአገሩን ቋንቋ፣ የሕዝቡን ሐዘንና የሥራውን ክብደት ገና ሳይለምድ ፍሬ የምንጠይቀው አገልጋይ፣ ከመነሻው ብቻውን ቀድሞ እንደ ወጣው ሯጭ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የውሃ ጠረጴዛ እንሁን። በማራቶን በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ውሃ ይዘው የሚቆሙ ሰዎች አሉ። ስማቸው በጋዜጣ አይወጣም፤ ያለ እነርሱ ግን ባለ ሜዳሊያ የለም። ጌታችን ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ የተናገረውን ታስታውሳላችሁ፤ ዋጋው በእርሱ ዘንድ አይጠፋም። ጉባኤ አገልጋይን በልኮ ጸሎትና በዝማሬ ከሸኘ በኋላ እስከ ዓመቱ ሪፖርት ድረስ ዝም ቢል፣ ሯጭን አስነሥቶ እስከ መጨረሻው መስመር ያለ ውሃ እንደ መተው ነው። ደብዳቤ፣ የስልክ ጥሪ፣ ጉብኝት፣ በወቅቱ የሚደርስ ድጋፍና የታወቀ የዕረፍት ጊዜ፣ እነዚህ ናቸው ጠረጴዛዎቹ።

በእውነተኛው ውሃም እንጠንቀቅ። ጉድጓድ በሚቆፈርበትና እህል በሚታደልበት ቦታ ጥላና የመጠጥ ውሃ ከሥራው በፊት ይዘጋጅ። ላብ ውሃና ጨው ስለሚያወጣ ሁለቱም ይተኩ፤ ከመጠን ያለፈ ንጹሕ ውሃ ብቻ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ሊጎዳ ይችላል። በሙቀት መካከል አንድ ሰው ንግግሩ ቢዛባ፣ ቢንገዳገድ ወይም ራሱን ቢስት፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ስለሚችል አደጋው የሕይወት ነው። ሐኪም እየተጠራ ሳለ ወዲያውኑ ወደ ጥላ አግቡት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ንከሩት ወይም አልብሱን አስወግዳችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁ አናፍሱት። በአቅራቢያ ማቀዝቀዣ መንገድ ካለ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ውሃ አትስጡት።

ሦስተኛ፣ ያቋረጠውን አናሳፍር። በዶሃ ሌሊት ከመንገድ የወጡት 28 ሴቶች ሩጫን የካዱ አልነበሩም። ሮዛ ደረጀ ከሁለት ዓመት በኋላ በጃፓን ሳፖሮ በተደረገው የኦሊምፒክ ማራቶን 4ኛ ሆና ጨርሳለች። ዘመኑ ሳይሞላ ደክሞ የተመለሰ አገልጋይ ሲያጋጥመን ምን እንላለን? «ጸሎቱ አንሶ ነው» የምንል ከሆነ፣ በጎልድ ኮስት መንገድ ዳር ቆመው ፎቶግራፍ ካነሡት በምን እንሻላለን? ነቢዩ ኤልያስ ደክሞ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ ጌታ አልገሠጸውም። እንጀራና ውሃ ላከለት፣ አስተኛው፣ እንደ ገናም አበላው። በዚያም ምግብ ኀይል እስከ ኮሬብ ተራራ 40 ቀን ሄደ።

አዘጋጆችም ይማራሉ። ከዶሃው ሌሊት ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ቀዝቀዝ ወዳለው ወደ ሳፖሮ እንዲዛወር ወሰነ። በሯጮቹ ብርታት ብቻ አልታመኑም፤ መንገዱን ለወጡ። እኛም የምንልክ ሰዎች መንገዱን የማቅናት ድርሻ አለብን።

ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ ስትመለሱ በየጉባኤያችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፤ በዚህ ወር በወበቁ ውስጥ የሚሮጠው አገልጋያችን ማን ነው? ውሃውንስ ከእጃችን አግኝቶአልን? መልሱ በጽሕፈት ቤት መዝገብ ሳይሆን በእርሱ ወይም በእርስዋ አንደበት ይሰማ።

ሩጫውን ያስጀመረን ጌታ ለሚሮጡት ብርታትን፣ ለምንቆመው ደግሞ የማይዘገይ እጅን ይስጠን። አሜን።