ሰማዩ ሲከፈት ጎዴን ማን ያስታውሳል?

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ከምሳ በፊት ያለውን ሰዓት ስለሰጣችሁኝ አላስረዝምባችሁም። በመካከላችን ያላለቀ አንድ ክርክር አለ፤ የአገር ውስጥ በረራ ለውድድር ይከፈት ወይስ አይከፈት? አንዱ ወገን «ይከፈትና ዋጋ ይውረድ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለፍቶ ያደገውን አየር መንገዳችንን ለምን እንነካለን?» ይላል። እኔ መጀመሪያ ከእኛ ቀድማ የሞከረችውን ህንድን እንይ ባይ ነኝ።

ህንድ እ.ኤ.አ. በ1953 አየር መንገዶቿን ወረሰች። አርባ ዓመት ገደማ የአገር ውስጡ ሰማይ የመንግሥት ብቻ ሆኖ ቆየ። በ1994 ሕጉ ተሻረና የግሎቹ በሙሉ መብት ገቡ። በ2003 ኤር ዴካን በርካሽ ትኬት ብቅ ሲል፣ ረጅሙን መንገድ በባቡር ይጨርስ የነበረው ሰው አውሮፕላን ላይ ወጣ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያስ? ኪንግፊሸር በ2012፣ ጄት ኤርዌይስ በ2019፣ ጎ ፈርስት በ2023 በረራ አቆሙ። ኪራዩ በዶላር፣ ገቢው በሩፒ፣ ነዳጁ ውድ፣ ትኬቱ ደግሞ ርካሽ! ሒሳቡ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ኢንዲጎ ብቻውን ከአገር ውስጥ ተሳፋሪው ከ60 በመቶ በላይ ይዟል። በብዙዎች ፉክክር የተጀመረው ገበያ ወደ አንድ እጅ እየተጠቀለለ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድመው አስበዋል። ትርፋማውን መስመር የሚበር ሁሉ ከበረራው የተወሰነውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ካሽሚርና ወደ ደሴቶቹ እንዲያደርግ በ1994 አስገደዱ። በ2017 ደግሞ ኡዳን በተባለው ፕሮግራም ወደ ትናንሽ ከተሞች ለሚደረግ በረራ ድጎማ መስጠት ጀመሩ። ከእነዚህ መስመሮች ብዙዎቹ አልዘለቁም፤ ግዴታውና ድጎማው ባይኖሩ ኖሮ ግን የሚጀምራቸውም አይገኝም ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ የሚገባ ኩባንያ ዓይኑን የሚጥለው ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ ላይ ነው። ጎዴንና አሶሳን ማን ይበራል? ዛሬ አየር መንገዳችን ከአንዱ መስመር ያገኘውን ለሌላው ማቻቻል ይችላል። ትርፋማው ከተወሰደበት ግን በምን ያቻችል?

ሌላም አለ። በእኛ አገር ኤርፖርቶቹን የሚያስተዳድረው ራሱ የአየር መንገዱ ግሩፕ ነው። አዲስ ገቢው በተወዳዳሪው ግቢ ተከራይ ሊሆን ነው ማለት ነው።

እንግዲህ የእኔ አቋም «ይከፈት፣ ግን ውሉ ይቅደም» ነው። ባሕር ዳርን የፈለገ ጎዴንም ይያዝ። የኤርፖርት አገልግሎት ለሁሉም በአንድ ዋጋ ይሁን፤ ዋጋውንም ከሁለቱም ያልወገነ አካል ይወስን። አንዱ ኩባንያ ቢወድቅ ትኬት የገዛው ሰው ገንዘብ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይጻፍ።

በዚህ አዳራሽ የሕግ ባለሙያ አለ፣ ኢኮኖሚስት አለ፣ ኢንጂነር አለ። ክርክሩን ከቡና ወሬ አውጥተን በጽሑፍ ለሚመለከተው እናቅርበው። የሚጀምር ካለ እኔ አለሁ።