እሳት የበተነውን በፀሐይ ስለ መሰብሰብ



በጉራጌ አገር፥ በቸሃ፥ ከእምድብር ከተማ ወጣ ብሎ በጀፎረው ግራና ቀኝ የተሠሩትን ሰፋፊ የሣር ቤቶች የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ሳያይ አያልፍም፤ አንደኛው በጓሮ የተተከለው እንሰት፥ ሁለተኛው ከክዳኑ ሾልኮ የሚወጣው የምድጃ ጢስ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሁለቱ መካከል ስላለው ዝምድና ነው።

እንጨት ሲነድ ከሚታየው ጢስ ጋራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ የማይታይ አየር ይወጣል። እንሰቱም ይህንኑ አየር በቅጠሉ ስቦ፥ ከሥሩ ከሚመጣው ውሃ ጋራ በፀሐይ ብርሃን ኃይል አዋሕዶ፥ ቆጮና ቡላ የሚሆነውን ምግብ ያበጃል። እሳት የበተነውን ቅጠል ይሰበስበዋል ማለት ነው። ታዲያ ሰው በእጁ በሠራው ነገር የቅጠልን ሥራ ሠርቶ ከዚያው አየር ነዳጅ ሊያወጣ ይችላልን?

ለጥያቄው በር የከፈቱት ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1972 እ.ኤ.አ. ለነጭ ቀለም መሥሪያ በሚያገለግለው በቲታኒየም ዳይኦክሳይድና በብርሃን አማካይነት ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክሲጅን ለመክፈል እንደሚቻል አስታወቁ። በ1979ም ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው እንዲህ ያሉ ዱቄቶች በውሃ ውስጥ ተበትነው ብርሃን ሲያርፍባቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ሜታኖልና ወደ ሌሎች ውሁዶች እንደሚለውጡ አሳዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃኑ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮን ከስፍራው ያስነሣዋል፤ ኤሌክትሮኑም በዱቄቱ ገጽ ላይ ወዳረፈው አየር ይተላለፋል። ሥራው የሚፈጸመው በገጹ ላይ ስለሆነ፥ ግንድ ሲፈለጥ ቶሎ እንደሚቀጣጠል ሁሉ፥ ዱቄቱም ሲደቅ ብዙ የሥራ ቦታ ይገኝበታል። የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ እጅ በሆነው በናኖሜትር የሚለኩ ቅንጣቶች የተፈለጉትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለዚሁ ዓላማ በሌላ መንገድ ከደከሙት መካከል አዲስ አበባ የተወለዱት፥ የግዕዙ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ፥ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ይገኙበታል። በ2010 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋራ ባወጡት ጥናት፥ ሴሪየም ኦክሳይድ በተሰበሰበ ኃይለኛ ብርሃን እስከ 1500 ዲግሪ ገደማ ሲግል ኦክሲጅን እንደሚለቅ፥ ሙቀቱ ሲቀንስለት ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ኦክሲጅን ነጥቆ ለነዳጅ መሥሪያ የሚሆኑትን ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅንን እንደሚያስቀር አሳይተዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ሙከራ ወደ ነዳጅነት የተለወጠው የብርሃን ኃይል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም።

እንግዲህ ከቤተ ሙከራው እስከ ቸሃ ምድጃ ያለው መንገድ ገና ረጅም ነው። እንጨት ተሸክማ የምትመለሰውን እናት ይህን ተስፋ እየነገሩ ማቆየት «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል። ለእርሷ ዛሬ የሚደርስላት እንጨት ቆጣቢ ምድጃና በደንብ የተያዘ የዛፍ ተክል ነው። ለልጅ ልጇ ደግሞ የሚበጀው በወልቂጤም ሆነ በሌላው ስፍራ ያሉት የትምህርት ቤቶቻችን ቤተ ሙከራዎች ሳይቆለፉ መሥራታቸው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የምንመድብና ደብዳቤ የምንፈርም ሰዎች፥ ከሁለቱ አንዱን ለሌላው ምክንያት አድርገን እንዳናስቀር እንጠንቀቅ።