ኮማን ለልጆች ስለ ማስተማር
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ልጆች ፊት ቆመው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ምልክት፣ ስለ ኮማ፣ ልናገር እወዳለሁ። «ይህም ነገር ሆኖ ጉባኤ ያስጠራል?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይገባቸውን ሥራዎች የሚዘረዝር ሕግ ነበረ። በዝርዝሩ መጨረሻ፣ «ወይም» ከሚለው ቃል በፊት፣ ኮማ አልተደረገም። የአንድ ወተት ኩባንያ ሾፌሮች ይህን አይተው፣ «ሕጉ የሚለው ለመላክ ወይም ለማከፋፈል ማሸግን ነው፤ እኛ ግን እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም» ሲሉ ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቃሉ ለሁለት ይተረጐማል ብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደላቸው። በ2018 ኩባንያው 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እንግዲህ ይህችን ምልክት እንዴት እናስተምራት? የተለመደው ምክር «ትንፋሽ በምትወስዱበት ቦታ ኮማ አድርጉ» የሚል ነው። ነገሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው አሪስቶፋኒስ ምልክቶቹን ያወጣው ድምፅ አሰምቶ ለሚያነብ ሰው ነበር። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን በአብዛኛው የዓረፍተ ነገሩን አሠራር ይከተላል። ደግሞም እንግሊዝኛን ቃል በቃል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ በየቃሉ ይተነፍሳል፤ ኮማውንም በየቃሉ ይበትነዋል።

እኔ የማቀርበው ሁለት ቀላል ዘዴ ነው።

አንደኛ፤ በአማርኛ «ዝናም ዘነመ፣ ወንዙ ሞላ» ብለን ብንጽፍ የሚቈጣን የለም። በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ አይያያዝም፤ «ኤንድ» ወይም «በት» ወይም «ሶ» ይጨመርበታል፤ አለዚያ በነጥብ ይለያል። ልጁ ከኮማው በስተቀኝ ያለውን በእጁ ይሸፍንና ግራው ብቻውን ይቆም እንደ ሆነ ይመልከት፤ ቀጥሎም ግራውን ሸፍኖ ቀኙን ይይ። ሁለቱም ከቆሙ ኮማ ብቻዋን አትበቃም።

ሁለተኛ፤ «አዳማ የሚኖረው ወንድሜ» ስንል ወንድማችን አንድም ይሁን አምስት አጻጻፋችን አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን ይለያል፤ ወንድሙ አንድ ብቻ ከሆነ «አዳማ የሚኖረው» የሚለው ተጨማሪ ወሬ ስለ ሆነ በሁለት ኮማ ይታጠራል፤ ብዙ ከሆኑ ግን የትኛው እንደ ሆነ የሚለይልን እርሱ ነውና ኮማ አይገባውም። ስለዚህ ልጁን ሕግ ከማስሸምደድ «ስንት ወንድም አለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ተማሪው ብዙ ነው፤ ደብተሩን ማን አርሞ ይዘልቀዋል?» የሚል ጓደኛ ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በእጅ መሸፈን ቀይ ቀለም አይፈልግም፤ ልጁ ራሱን ያርማል። በሳምንት አንድ ሕግ፣ ያውም ልጁ ራሱ በጻፈው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ይበቃል።

በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ ያልለየ ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍል ብቻ አይቸገርም፤ ፊዚክሱም ታሪኩም ይጨልምበታል። ብርሃኑን አስቀድሞ መስጠት የእኛ ሥራ ነው።