የፋብሪካ አመድን ማሳ ላይ ከመበተናችን በፊት



«አፈራችን ኮምጣጣ ነው፣ ኖራ ደግሞ ውድ ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጣውን አመድ በነጻ ብናገኝ ብንበትነውስ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አመድም እንደ ኖራ የአፈርን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። ነገር ግን አመድ ሁሉ አንድ አይደለም።

የምድጃችን አመድ ከእንጨት የተገኘ ነው። የፋብሪካው ግን ከድንጋይ ከሰል ወይም ፕላስቲክ ከተቀላቀለበት ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ሲቃጠል እንደ ዳዮክሲን ያሉ፣ ለብዙ ዓመታት የማይበሰብሱ መርዞች ይፈጠራሉ። እነዚህ መርዞች በውሃ በቀላሉ አይሟሙም፤ በአመዱ ውስጥ ሳይቃጠል በቀረው የከሰል ብናኝ ላይ ይጣበቃሉ። በተለይ ከጭሱ ተጣርቶ የሚሰበሰበው ደቃቅ አመድ አደገኛ ነው።

«ከተጣበቀ ምን ይጎዳናል?» ትሉ ይሆናል። ቅባት የነካው ሳህን በውሃ ብቻ አይጠራም፤ ሳሙና ሲነካው ግን ይለቃል። ከእበትና ከኮምፖስት የሚወጣው ቡናማ ውሃም ለእነዚህ መርዞች እንደ ሳሙና ነው፤ ይዟቸው ወደ ታች ሊሰርግ ይችላል። ብናኙም በጎርፍ ተጠርጎ ምንጭና ወንዝ ይገባል። ውሃ ባይወስደው እንኳ ዶሮ ስትጭር ትውጠዋለች።

በእንግሊዝ አገር፣ በኒውካስል ከተማ የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 ከባይከር የቆሻሻ ማቃጠያ የወጣ 2,000 ቶን ገደማ አመድ በጓሮ አትክልት ቦታዎች መተላለፊያ ላይ ተነጠፈ። በኋላ ሲመረመር ዳዮክሲን በአመዱም በዶሮዎቹ እንቁላልም ተገኘ። ሰዎቹ እንቁላሉንና ዶሮውን እንዳይበሉ ተነገራቸው።

ስለዚህ፦

1. ምን ተቃጥሎ እንደወጣ የማይታወቅና በላቦራቶሪ ያልተመረመረ አመድ ማሳ ላይ አትበትኑ።
2. የምድጃ አመድ ተጠቀሙ፤ ፕላስቲክ፣ ጎማ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበትን ግን ለዩ።
3. ቀድማችሁ የፋብሪካ አመድ የበተናችሁ ካላችሁ፣ እበት አትጨምሩበት፤ ዶሮ አታሰማሩበት፤ እስኪመረመር ድረስ ካሮትና ድንች አትትከሉበት።
4. ከጉድጓድ ውሃና ከምንጭ አጠገብ አታከማቹ።

የበተናችሁ ሰዎች፣ አትፈሩ፣ አትደብቁም። ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ንገሩ፤ የአፈር ናሙና እንዲወሰድ እናደርጋለን። ኖራ በገንዘብ ይገዛል፤ የተመረዘ አፈርን ግን መልሶ ማጽዳት ከአንድ ገበሬ አቅም በላይ ነው።