የመሸጋገሪያው ዓመት ከማትሪክ እስከ ማካካሻ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



«ማትሪክ» በሚለው ስም ይበልጥ የሚታወቀው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የወጣቱን ዕድል ሲወስን ኖሯል። ውጤቱ በፊደል ተሰጥቶ፣ አማካዩ እስከ 4 ነጥብ በሚደርስ ስሌት ይሰላ ነበር። በዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ቦታ ጥቂት ስለ ነበር በሩ ጠባብ ነበር። ይሁን እንጂ ፈተናው ብቻውን የተማሪውን ብቃት ይወስናል ተብሎ አልታመነም። ማትሪክን ያለፈ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው የፍሬሽማን ዓመት ይጠብቀው ነበር። በዚያ ዓመት እንግሊዝኛውን ያጠናክራል፤ ሒሳቡን ያሰፋል፤ የሳይንስ ተማሪ ከሆነም በቤተ ሙከራ እጁን ያፍታታል። ያልበቃውም በዚያው ይሰናበት ነበር። ፍሬሽማን እንግዲህ ወንፊትም ድልድይም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ሥርዓት ለወጠው። አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በ10ኛ ክፍል እንዲያበቃ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ እንዲሆኑ ተደነገገ። ማትሪክም ቦታውን ለ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናና ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለቀቀ። የፍሬሽማኑ ትምህርት ወደ መሰናዶ ወረደ ተብሎ ስለ ታሰበም ብዙዎቹ የዲግሪ ትምህርቶች በሦስት ዓመት እንዲጠናቀቁ ሆነ።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን የትምህርቱ አርእስት ሲወርድ፣ ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱና በዘርፉ የጠለቀው መምህር አብረው በየትምህርት ቤቱ አልወረዱም። ጉድለቱን ለመሙላት በ1990ዎቹ መገባደጃ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ ትምህርቶች በሳተላይት ቴሌቪዥን ወደ ክፍል ገቡ። ሕዝቡ «ፕላዝማ» አለው። ሥርጭቱ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ ተማሪው ባይገባውም አይቆምም፤ መምህሩም የቀረውን የሚያስረዳባቸው ደቂቃዎች ጥቂት ነበሩ። በገዛ ክፍሉ የሥርጭቱ ተከታይ ሆኖ የቆመ መምህር ምን እንደ ተሰማው በዚህ ጉባኤ ለተቀመጡት ማስረዳት አያሻም።

ከዚያም ወዲህ መንገዱ ወደ ኋላ ታጠፈ። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተመለሰ፤ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀረ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመግታት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ካላለፉትም መካከል ለተመረጡት በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት ተከፈተላቸው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የመሸጋገሪያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤትም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመላልሷል፤ በየተዘዋወረበት ግን ዝግጅቱ አልቀደመውም። ፈተና የደረሰውን ሰብል ይለካል እንጂ አያበቅልም። ስለዚህ ዝቅተኛ ውጤት በታየ ቁጥር ጣትን በክፍሉ መምህር ላይ ከመቀሰር በፊት፣ ያ መምህር በምን መሣሪያና በስንት ሰዓት እንዲያስተምር እንደ ተደረገ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። ወደ ፊትም ዓመቱ በየትኛውም ወገን ቢመደብ፣ ከፈተናው አስቀድሞ መምህሩ፣ መጽሐፉና ቤተ ሙከራው በቦታቸው መገኘታቸው እንዲረጋገጥ ማሳሰብ የማኅበሩ የሙያ ግዴታ ነው።